ከሪፖርቱ የጠፉ ባለዕዳዎች፦ በተጋጠሙ የዳታቤዝ ፋይሎች ላይ የተሠራ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ የሚሠራ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት የተሰብሳቢ ሒሳብ ሪፖርቱ ለምን እንደተሳሳተና እንዴት እንደተስተካከለ ይዘግባል። ድርጅቱ ስሙ እንዳይጠቀስና የብር መጠኖቹ እንዳይወጡ ስለጠየቀ ሁለቱንም ትቻለሁ፤ በምሳሌነት የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው።

ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግሁት ፕሮግራሙ አንድም ቀን የስህተት መልእክት ሳያሳይ ሲሳሳት መኖሩ ስላሳሰበኝ ነው። ሪፖርቱ በየወሩ ታተመ፣ ተፈረመበት፣ ገንዘብ ሰብሳቢዎችም ይዘውት ወጡ። የጎደለውን ግን ከወረቀቱ ላይ ሊያየው የሚችል ሰው አልነበረም፤ ያልታተመ መስመር አይነበብምና።

ድርጅቱና ፋይሎቹ

ድርጅቱ ወረቀት፣ ደብተር፣ የፕሪንተር ቀለምና የቢሮ ዕቃ በጅምላ ያከፋፍላል። ቢሮው ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ አይርቅም። ደንበኞቹ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በሜክሲኮና በመርካቶ ያሉ ሱቆች፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ሲሆኑ አብዛኛው ሽያጭ በዱቤ ነው። ጠቅላላ ሒሳቡ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ይያዛል። የዕለት ሽያጩ ግን ለድርጅቱ ተብሎ በተሠራ ፕሮግራም ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ በሚሠራ ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘገባል። ሁለቱ በየፊናቸው መያዛቸው ለሠራተኞቹ ድካም ነበር፤ ለምርመራው ግን ትልቅ እገዛ ሆነ።

የተሰብሳቢ ሒሳብ ሪፖርቱ አምስት ፋይሎችን ያጋጥማል፣ ማለትም መዝገቦቻቸውን በጋራ መለያ ያያይዛል፦ የደንበኞችን፣ የዱቤ ደረሰኞችን፣ የገቢ ደረሰኞችን፣ የቀጠናዎችንና የሽያጭ ሠራተኞችን። ቀጠናው የገባው ለአሠራር ምቾት ነው። ሪፖርቱ በቀጠና ተከፋፍሎ ሲታተም እያንዳንዱ ሰብሳቢ የራሱን ገጽ ይዞ ይሄዳል። ፋይሎቹ የተያያዙት ሙሉ ጥንድ በሚጠይቀው ማጋጠሚያ፣ ማለትም በኢነር ጆይን ነበር። በዚህ ዓይነቱ ማጋጠሚያ በአንዱ ፋይል ያለ መዝገብ በሌላው ፋይል አቻ ካላገኘ ከውጤቱ ይቀራል። ይህ የዳታቤዙ ጉድለት አይደለም፤ ማጋጠሚያው የተፈጠረው ለዚሁ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በአካባቢው የነበሩ ብዙ ሱቆች ፈረሱ። ከድርጅቱ ደንበኞች አንዳንዱ ወደ መርካቶ፣ ሌላው ወደ መገናኛ ሄደ፤ አድራሻውን ሳያሳውቅ የቀረም ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ቀጠናዎቹን እንደገና ሲያዋቅር የድሮዎቹን ቀጠናዎች ግማሾቹን ከፋይሉ ሰረዘ፣ ግማሾቹን ደግሞ «የተዘጋ» ብሎ መዘገበ። ደንበኛ የተመዘገበበት ቀጠና እንዳይሰረዝ የሚከለክል ገደብ በዳታቤዙ ላይ አልነበረም። አዲስ አድራሻ ያላስመዘገቡት ደንበኞች የድሮውን የቀጠና ቁጥር እንደያዙ ቀሩ፤ ያ ቁጥር ግን ከእንግዲህ የሚያመለክተው ቀጠና የለውም።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

ያወቀው ኮምፒውተር ወይም ኦዲተር ሳይሆን አንድ ባለዕዳ ነው። የድርጅቱ ባለቤት በጥቅምት 2017 መርካቶ ውስጥ ከፒያሳ የተነሣ አንድ የቆየ ደንበኛቸውን አገኙ። ሰውየው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ያን ዕዳዬን ለምን አትጠይቁኝም? ሰው ትልካላችሁ ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ» አላቸው። ባለቤቱ ቢሮ ገብተው የሰኔ መዝጊያውን ሪፖርት አስመጡ። የደንበኛው ስም የለም። ያለፉትን ወራት አስመጡ። እዚያም የለም።

እኔ የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን ዘርግተው «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ይህ ሰው ለምን እንደጠፋ ብቻ አይደለም። ሌላ ማን እንደጠፋ ንገረኝ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የሥራ ትእዛዝ የሰጠኝ ሰው አላስታውስም። የአንድን ደንበኛ መጥፋት ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ያልታወቁትን መፈለግ ግን ሌላ ዘዴ ይጠይቃል።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ በሪፖርቱ ድምርና በፒችትሪ የተሰብሳቢ ሒሳብ መካከል ልዩነት መኖሩን ቀድሞም ያውቁ ነበር። ልዩነቱ ግን አንዳንድ ወር ወደ ላይ፣ አንዳንድ ወር ወደ ታች ይል ስለነበር «ዘግይቶ የሚመዘገብ ገቢ ነው» ተብሎ ታልፏል። ኋላ እንደታየው ልዩነቱ ትንሽ የመሰለው ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ስለተካካሱ ነው፦ አንዱ ደንበኞችን ይጥላል፣ ሌላው የቀሩትን ያባዛል።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ከመምጣቴ በፊት ትክክለኛውን ጥርጣሬ ይዞ ነበር። ከቀጠናው ፋይል ጋር ያለውን ማጋጠሚያ ወደ ሌፍት ጆይን ለወጠው፤ ይህ የግራውን ፋይል መዝገብ ሁሉ ይዞ፣ በቀኝ በኩል አቻ ለሌለው ባዶ ቦታ የሚተው ነው። ውጤቱ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተለወጠም። ባለሙያው ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረ።

ምክንያቱ እዚያው ነበር። የመጠይቁ፣ ማለትም ሪፖርቱን ከዳታቤዙ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ የማጣሪያ ክፍል፣ ዌር የሚባለው፣ «የቀጠናው ሁኔታ ክፍት የሆነ» የሚል መስፈርት ይዟል። ቀጠናው ለተሰረዘበት ደንበኛ ይህ ዓምድ ናል ነው። ናል ማለት ዜሮ ወይም ባዶ ጽሑፍ ማለት ሳይሆን «አይታወቅም» ማለት ነው። ናልን ከማንኛውም ነገር ጋር ስናወዳድር መልሱ እውነትም ሐሰትም አይሆንም፤ አይታወቅም ነው። ማጣሪያው ደግሞ የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌፍት ጆይን ያዳነውን ደንበኛ ዌር መልሶ ጣለው። በቀኙ ፋይል ዓምድ ላይ የሚቀመጥ እንዲህ ያለ መስፈርት ሌፍት ጆይንን በተግባር ወደ ኢነር ጆይን ይመልሰዋል። መስፈርቱ ከማጋጠሚያው ሁኔታ ጋር፣ በኦን ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን «ክፍት ቀጠና ካለ አጋጥም፣ ከሌለም ደንበኛውን ተወው» የሚል ትርጉም ያገኛል። እኛም ወደዚያ አዛወርነው። የጠፉት ከፒያሳ የተነሡ ደንበኞች «ቀጠና ያልተመደበለት» በሚል ርዕስ ሥር በአንድ ገጽ ወጡ።

ሁሉም ግን አልወጡም። ባለቤቱ በቃላቸው የሚያውቋቸው፣ ዕቃ ወስደው ምንም ያልከፈሉ ጥቂት ደንበኞች አሁንም አልታዩም። ይኸኛው ከሁሉ ይልቅ አስደንግጦኛል። ፕሮግራሙ ቀሪ ዕዳን የሚያሰላው ከደረሰኙ ዋጋ የተከፈለውን በመቀነስ ነው። ምንም ያልከፈለ ደንበኛ በገቢ ደረሰኞች ፋይል አቻ የለውም፤ ያም ማጋጠሚያ ወደ ሌፍት ጆይን ሲለወጥ እንኳ የተከፈለው ዓምድ ናል ይሆናል፤ ከማንኛውም ቁጥር ላይ ናል ሲቀነስ ውጤቱ ናል ነው፤ «ቀሪው ከዜሮ የሚበልጥ» የሚለው ማጣሪያም አያሳልፈውም። ያልተከፈለ ዕዳ ለማሳየት የተሠራ ሪፖርት ጨርሶ ያልከፈለውን ሰው ይደብቅ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው አጭር ነው፤ ናል ሲገኝ ዜሮ እንዲተካ ማድረግ። ኮአሌስ (COALESCE) የሚባለው ተግባር ይህን ይሠራል።

የተባዙት መዝገቦች

የጠፉት ሲመለሱ የሪፖርቱ ድምር ከፒችትሪው እጅግ በለጠ። ሁለተኛው ስህተት ፊት ለፊት የወጣው ያን ጊዜ ነው።

የ30,000 ብር ደረሰኝ የወሰደ ደንበኛ 10,000 ብር ሦስት ጊዜ ከፍሎ ዕዳውን ጨረሰ እንበል። የዱቤ ደረሰኙ ፋይል ከገቢ ደረሰኙ ፋይል ጋር በቀጥታ ሲጋጠም ደረሰኙ ሦስት ጊዜ ይደገማል። የደረሰኞቹ ድምር 90,000፣ የተከፈለው 30,000፣ ቀሪው 60,000 ሆኖ ይታተማል። ዕዳ የሌለበት ሰው 60,000 ብር ይጠየቃል። በዚህ ላይ ደረሰኙ አራት የዕቃ መስመሮች ኖረውት የዝርዝሩ ፋይልም ቢጨመር አራት በሦስት ተባዝቶ 12 መስመር ይወጣል።

ቀደም ሲል አንድ ሰው ይህን አይቶ ድግግሞሽን የሚያጠፋውን ዲስቲንክት የተባለ ቃል በአንዳንድ ድምሮች ውስጥ አስገብቶ ነበር። ይህ ጉዳቱን ጨመረው። ሦስቱ ክፍያዎች እኩል 10,000 ብር ስለሆኑ ዲስቲንክት እንደ አንድ ቆጠራቸውና ደንበኛው 10,000 ብር ብቻ የከፈለ መሰለ። የተለያየ መጠን የከፈሉ ደንበኞች ሒሳብ ትክክል ይወጣል፤ በየወሩ እኩል የሚከፍሉት ታማኝ ደንበኞች ግን ተበደሉ። ከሰብሳቢዎች ጋር የነበረው ጭቅጭቅ ሁሉ ከእነዚህ ጋር መሆኑ ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነ።

የሠራው መፍትሔ የሥራውን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። መጀመሪያ የገቢ ደረሰኞች ለብቻቸው በደረሰኝ ቁጥር ይደመራሉ፤ ለእያንዳንዱ የዱቤ ደረሰኝ አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ይጋጠማሉ። አንድ ለአንድ ሲሆኑ የሚባዛ ነገር የለም፣ ዲስቲንክትም አያስፈልግም። እኔ አሁን በገንዘብ ሪፖርት ውስጥ ዲስቲንክት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ከሥሩ ምን ዓይነት መባዛት እንደተሸፈነ ነው።

ተቀናሽ ግብሩ

ሌላም የተሸፈነ ነገር ነበር። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅቶች ከ10,000 ብር በላይ የሆነ ዕቃ ሲገዙ በወቅቱ 2 በመቶ ቀንሰው ለግብር ያስቀሩ ነበር። የ100,000 ብር ዕቃ ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 115,000 ብር ይሆናል፤ ገዢው 2,000 ብር ቀንሶ 113,000 ብር ይከፍላል። የቀረው 2,000 ብር ዕዳ አይደለም፣ የተቀናሽ ግብር ደረሰኝ የመጣለት ገንዘብ ነው። ፕሮግራሙ ግን ይህን ደረሰኝ ስለማያውቀው ሪፖርቱ በጥቃቅን ቀሪዎች ይሞላ ነበር። እሱን ለማጥራት ሲባል «ከደረሰኙ ዋጋ 5 በመቶ የማይሞላ ቀሪ አታሳይ» የሚል ማጣሪያ ገብቶ ኖሯል። በአንድ ሚሊዮን ብር ደረሰኝ ላይ 5 በመቶ 50,000 ብር ነው። ማጣሪያውን አውጥተን የተቀናሽ ግብር ደረሰኞችን በራሳቸው ፋይል፣ አስቀድሞ ተደምረው እንዲጋጠሙ አደረግን።

የማይገናኙ መለያዎች

የቀረው ልዩነት የመጣው በባንክ ከገቡ ክፍያዎች ነው። የባንኩ መግለጫ መጀመሪያ በኤክሴል ይዘጋጅና ወደ ዳታቤዙ ይገባል። ማጋጠሚያው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ አሥር አኃዝ ያለው ሲሆን ብዙ ጊዜ በዜሮዎች ይጀምራል። ኤክሴል እንደ ቁጥር ስለሚቆጥረው የፊቶቹን ዜሮዎች ይጥላቸዋል፤ በዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ተቀምጧል። ሁለቱ አይገናኙም። ዓምዱን በኤክሴል ላይ ከመጻፍ በፊት ጽሑፍ ብሎ መሰየም፣ ሲገባም አሥር አኃዝ ያልሞላውን መመለስ በቂ ሆነ።

መለያ ቁጥር የሌላቸው ክፍያዎች በስም ይጋጠሙ ነበር፤ ይህ እጅግ አድካሚው ክፍል ነው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይላል፤ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ኃ/የተ/የግ/ማ» እና ሙሉው «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለአንባቢ አንድ ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ለዳታቤዙ የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ አነስተኛ ተግባር ጻፍን። ብዙ ክፍያዎች ባለቤታቸውን አገኙ፤ በሌላ በኩል ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ተቀላቀሉ። ስለዚህ ተግባሩ ጥቆማ ብቻ እንዲሰጥ፣ ማረጋገጫው በሒሳብ ሠራተኛዋ እንዲሆን ተወሰነ። ይዘገያል፤ ግን በስም ላይ ተመሥርቶ በራሱ ዕዳ የሚሰርዝ ፕሮግራም መተው ከዚህ የባሰ ነው።

ቀንን በተመለከተ ያገኘነው ስህተት በአጭሩ ይህ ነው። ዳታቤዙ ቀኑን ከሰዓት ጋር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይይዛል። የሰኔ 2016 ሪፖርት ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ተብሎ ሲጠየቅ የመጨረሻው ቀን ገና ሲጀምር በእኩለ ሌሊት ይዘጋና የሰኔ 30 ሽያጭ ሁሉ ይወድቃል። «ከጁን 8 ጀምሮ፣ ከጁላይ 8 በፊት» ብሎ መጠየቅ አስተካከለው። ጳጉሜንም አምስት ቀን ብቻ አድርጎ የሚቆጥር መስመር ተገኘ፤ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች የዚያች ዕለት ሽያጭ ከየትኛውም ወር አልገባም።

ሌላ ማን ጠፋ?

የባለቤቱ ጥያቄ ይህ ስለነበር መልሱን ከሪፖርቱ ውጭ መፈለግ ነበረብን። ከደንበኞች ፋይል ውስጥ ሪፖርቱ ላይ የሌሉትን የሚያወጣ መጠይቅ ተጻፈ። ውጤቱ ባዶ መጣ፤ በቢሮው ውስጥ ደስታ ሆነ። ሒሳቡ ግን አሁንም ከፒችትሪ ጋር አልገጠመም ነበርና ደስታውን ማመን አልቻልኩም።

መጠይቁ የተጻፈው «ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ» በሚለው በኖት ኢን ነው። በሪፖርቱ የደንበኛ ቁጥሮች ውስጥ አንድ ናል ነበረ፤ ደንበኛ ሳይጻፍበት የተቆረጠ ደረሰኝ። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ «አይታወቅም» ካለ ዳታቤዙ ስለ ማንም «በእርግጥ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ሊል አይችልም፤ ስለዚህ ምንም አይመልስም። አቻ መዝገብ አለመኖሩን ብቻ በሚያየው በኖት ኤግዚስትስ ሲተካ የጠፉት ስሞች ዘርዘር ብለው ወጡ። የተሳሳተ መቆጣጠሪያ ከመቆጣጠሪያ እጦት ይልቅ አደገኛ መሆኑን በዚያች ሰዓት አየሁ፤ ሁላችንም ወረቀቱን አጣጥፈን ልንሄድ ነበርና።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሪፖርት ግርጌ ሦስት ቁጥሮች እንዲታተሙ አደረግን፦ በፋይሉ ያሉ ክፍት ደረሰኞች ብዛት፣ በሪፖርቱ የወጡት ብዛት፣ እና ከፒችትሪ የተወሰደው የተሰብሳቢ ሒሳብ ድምር ከሪፖርቱ ድምር ጋር ያለው ልዩነት። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ልዩነቱ ዜሮ ካልሆነ ወይም በጽሑፍ ካልተብራራ አይፈርሙም። ደንበኛ ያለበትን ቀጠና መሰረዝ የሚከለክል ገደብም በዳታቤዙ ላይ ተጨመረ።

ያልተፈታ የቀረ

ባለቤታቸው ያልታወቀ የቆዩ የባንክ ገቢዎች አሁንም አሉ። ለብቻቸው በአንድ ገጽ ይታተማሉ፤ ማንም ወደ የትኛውም ደንበኛ በግምት አይወስዳቸውም። አድራሻቸው የጠፋ ደንበኞችን ደግሞ መጠይቅ አያመጣቸውም፤ ያን ሥራ ሰብሳቢዎቹ በስልክና በእግር ይዘውታል።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ሪፖርት የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ሊወስነው የሚገባው የትኛው ፋይል ሙሉ ሆኖ መቅረት እንዳለበት ነው። እዚህ ጥያቄው «ማን ዕዳ አለበት?» ስለሆነ መነሻው የዱቤ ደረሰኝ ነው፤ ቀጠናና የሽያጭ ሠራተኛ ጌጥ ናቸው። ለጌጥ የተጨመረ ፋይል ዋናውን መዝገብ የመጣል ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ይህን ውሳኔ ባለሙያው ብቻውን ሊወስደው አይችልም፤ የሒሳብ ክፍሉ አብሮ መቀመጥ አለበት። ለምሳሌ ቀጠናው የተዘጋ ደንበኛ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው የንግድ ጥያቄ እንጂ የኤስኪውኤል ጥያቄ አይደለም።

ድምርን ብቻ ማመሳከር እንደማይበቃ ይህ ጉዳይ በግልጽ አሳይቷል። የጎደለውና የተባዛው ሲካካሱ ድምሩ ደህና ይመስላል። በደንበኛ ደረጃ ማመሳከርና የመዝገቦችን ብዛት ከእያንዳንዱ ማጋጠሚያ በፊትና በኋላ መቁጠር ግን ሁለቱንም ያወጣል። ፋይል በተጨመረ ቁጥር ብዛቱ ቢቀንስ የሚጠፋ አለ፣ ቢጨምር የሚባዛ አለ።

የመጨረሻው ነገር የሙከራ ደንበኞች ናቸው። ለብቻው በተቀመጠ የሙከራ ዳታቤዝ ውስጥ ቀጠና የሌለው፣ ምንም ያልከፈለ፣ በሦስት እኩል ክፍያ የጨረሰ፣ ተቀናሽ ግብር የያዘ፣ በሰኔ 30 ከሰዓት በኋላ የገዛና በጳጉሜን 6 የገዛ ደንበኛ ተመዝግቧል። የእያንዳንዱ ትክክለኛ ቀሪ ሒሳብ በእጅ ተሰልቶ ከጎኑ ተጽፏል። ማንም የሪፖርቱን መጠይቅ ሲነካ አስቀድሞ በእነዚህ ላይ ያስኬደዋል፤ አንዱ እንኳ ካልገጠመ ለውጡ ወደ ዋናው ዳታቤዝ አይገባም።